የወንዝ ውኃና የጕድጓድ ውኃ፤ በስምጥ ሸለቆ የእርሻ አገር



በየመንደሩ ስለ ውኃ የሚነሣ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ከፊሉ ሰው «የሚሄድ ውኃ ራሱን ያጥባል፤ የቆመ ውኃ ግን ይበላሻል» ብሎ ወንዙን ይመርጣል። ከፊሉ ደግሞ «ከመሬት ሆድ የወጣውን ውኃ የከብት እግር አልረገጠውም፤ ንጹሕ ነው» ብሎ ጕድጓዱን ይመርጣል። ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ይናገራሉና ውሸተኞች አይባሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ያየው የነገሩን እኩሌታ ነው። ክርክሩም የአፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስሕተቱ በሕፃናት ሆድ፣ በጥርሳቸውና በአጥንታቸው ላይ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ አስተማሪም ሽማግሌም ነገሩን ከነምክንያቱ ሊያውቀው ይገባል።

በደፈናው ከመናገር ይልቅ በታወቀ አገር ላይ አስቀምጦ ማስረዳት ይሻላልና፣ ምሳሌያችን ከወንጂ ጀምሮ በመቂና በዝዋይ አልፎ እስከ አብያታና እስከ ሻላ ሐይቆች ያለው የስምጥ ሸለቆ ምድር ነው። (ዝዋይ ያልነው ሐይቅ ደምበልም ይባላል፤ ከተማው ዛሬ ባቱ ተብሎ ይጠራል።) ይህ አገር ስንዴና በቆሎ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ሸንኮራ አገዳና አበባ የሚበቅልበት ሰፊ የእርሻ ስፍራ ነው። ወንዝም፣ ሐይቅም፣ ጕድጓድም፣ ፍል ውኃም በአንድ አገር ተቀራርበው ይገኙበታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት ውኃ ለማነጻጸር የተመቸ ነው።

የገጸ ምድር ውኃ የምንለው በምድር ፊት ላይ ሲሄድ ወይም ተኝቶ የሚታየውን፣ ወንዙን፣ ሐይቁን፣ ኩሬውንና የመስኖውን ቦይ ነው። የከርሠ ምድር ውኃ የምንለው ደግሞ ከአፈርና ከድንጋይ በታች ተሰውሮ ያለውን ነው፤ ከርሥ በግዕዝ ሆድ ማለት ነውና፣ ስሙ ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል። ብዙ ሰው የመሬት ውስጥ ውኃ እንደ ወንዝ በዋሻ ውስጥ የሚፈስ ይመስለዋል። እንዲህ የሆነበት ስፍራ ጥቂት ነው። አብዛኛው በአሸዋና በጠጠር መካከል፣ በተሰነጠቀም ድንጋይ ውስጥ፣ በእጅ የያዙት ስፖንጅ ውኃ እንደሚይዝ ተይዞ የሚኖር፣ እጅግም በቀስታ የሚንቀሳቀስ ነው። ወንዝ በአንድ ቀን የሚሄደውን መንገድ የከርሠ ምድር ውኃ በብዙ ዓመት ላይጨርሰው ይችላል። የሁለቱም ጠባይ የተለያየው ይልቁን በዚህ በአካሄዳቸው ምክንያት ነው፤ ዘራቸውማ አንድ ነው፤ ሁለቱም የዝናም ልጆች ናቸው።

ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ ውኃ

መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ካታር ከአርሲ ተራሮች እየፈሰሱ ወደ ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ደግሞ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ ግን መውጫ የለውም፤ ወደ እርሱ የገባ ውኃ ዋና መንገዱ በፀሐይ ተኖ መሄድ ነው፤ ሲሄድም ጨውን ሁሉ ትቶ ይሄዳል። በእሳት ላይ የተረሳ መረቅ እያነሰ በሄደ መጠን ጨውነቱ እየበዛ እንደሚሄድ፣ የአብያታም ውኃ እንዲሁ እየመረረ ሄዷል። ዝዋይ ግን የሚገባለትም የሚወጣለትም ወንዝ ስላለው ውኃው ለከብትና ለእርሻ የሚሆን ጣፋጭ ሆኖ ኖሯል። ጎረቤታሞች ሐይቆች እንዲህ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ስለዚህ «የሐይቅ ውኃ እንዲህ ነው» ብሎ ሁሉን በአንድ ቃል መጠቅለል አይቻልም።

ከደጋ የሚመጣው የወንዝ ውኃ ከድንጋይ ጋር ብዙ ጊዜ ሳይነጋገር ስለሚወርድ በውስጡ የሟሟ ጨውና ማዕድን ጥቂት ነው። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ኋላ በምንናገረው ነገርም ዋጋው ይታያል። ጕዳቱ ግን በላዩ ላይ የወደቀውን ሁሉ ተሸክሞ መምጣቱ ነው። ከብት በሚጠጣበት ስፍራ ፋንድያ ይጥላል፤ ሰው በሜዳ የተጸዳዳው በጎርፍ ይታጠባል፤ ልብስም፣ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃም እዚያው ይታጠባል። በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ተሐዋስያን በዚህ መንገድ ይገባሉ፤ ከነርሱም ተቅማጥ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ሲከፋም ኮሌራ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው የሰኔ የመጀመሪያው ጎርፍ ነው፤ ምክንያቱም በበጋው ወራት በምድር ላይ የተከማቸው እድፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ይጠረጋል። በበጋ ደግሞ ጎርፉ ባይኖርም ወንዙ ይቀጥናል፤ የከብቱና የሰዉ ቍጥር ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ እድፉ በጥቂት ውኃ ውስጥ ይጠናል።

እንግዲህ «የሚሄድ ውኃ ራሱን ያጥባል» የሚለው ነገር ፈጽሞ ሐሰት ነውን? አይደለም። የፀሐይ ብርሃን፣ ነፋስና ጊዜ ተሐዋስያንን ይቀንሳሉ፤ ጭቃውም ወደ ታች ይዘቅጣል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ወንዙ አዲስ እድፍ ሳይጨመርበት ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው። በእርሻ አገር ግን ከአንዱ መንደር በታች ወዲያው ሌላ መንደር አለ። የላይኛው መንደር ያጠበው ለታችኛው መንደር መጠጥ ይሆናል። የአዋሽም ነገር ይህን ያሳያል፤ ከአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ የሚወርደው የከተማ እድፍ ወደ አዋሽ ይገባል፤ በሞጆም በኩል ከቆዳ ማልፊያ ስፍራዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ቆቃ ሐይቅ ወገን ይወርዳል። በመሄድ ብቻ የሚታጠብ ቢሆን ኖሮ አዋሽ ቆቃ ሲደርስ በጠራ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር በወንዝና በሐይቅ ዳር አለ፤ እርሱም ቢልሃርዝያ ነው። የዚህ በሽታ ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥታ በውኃ ውስጥ ትዋኝና በቆዳ በኩል ወደ ሰው ትገባለች። ስለዚህ «አልጠጣሁም፤ ተራምጄ ብቻ ተሻገርሁ» ያለ ሰው አልዳነም። በዝዋይ ዳርና በወንጂ የመስኖ ቦዮች ይህ በሽታ የታወቀ ነው። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1964) ገደማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስረዳ። እናቶቻችን ለልብስ ንጣት የወቀጡት ፍሬ ለሕክምና ጥናት መነሻ መሆኑን ለተማሪዎች መንገር መልካም ነው። ቀንድ አውጣ የሌለበት ዕቃ ውስጥ ተቀድቶ 2 ቀን የተቀመጠ ውኃ የዚህ ትል እጭ ስለምትሞትበት ለመታጠቢያ ይሆናል።

ስለ ከርሠ ምድር ውኃ

ዝናም በአፈር ውስጥ ሲሰርግ፣ ጠጅ ሲጠለል የጌሾው እንጨት በጨርቁ ላይ እንደሚቀር፣ ጭቃውና አብዛኞቹ ተሐዋስያን በአሸዋው መካከል ይቀራሉ። በቀስታ ስለሚሄድም የቀሩት በመንገድ ይሞታሉ። ስለዚህ በሚገባ የተቈፈረና የተከደነ ጕድጓድ ውኃው ክረምትና በጋ አንድ ዓይነት፣ ቀዝቃዛና ጥሩ ሆኖ ይገኛል። የተቅማጥን ነገር ብቻ የተመለከትን እንደሆነ ጕድጓድ ከወንዝ እጅግ ይበልጣል።

ነገር ግን «የተከደነ» ያልነው ቃል ችላ እንዳይባል። አፉ ክፍት የሆነ፣ ዙሪያው ያልተገነባ፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ባልዲና ገመድ መሬት ላይ ጎትቶ የሚያወርድበት ጕድጓድ ስሙ ጕድጓድ ይባል እንጂ ግብሩ የኩሬ ነው። በዙሪያው የፈሰሰው ውኃ ጭቃውን ይዞ ተመልሶ ይገባበታል። ሽንት ቤትም በአጠገቡ ከተቈፈረ ከታች በኩል ይገናኛሉ። በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሜትር ያህል ርቀት ይኑር፤ ሽንት ቤቱም ከጕድጓዱ በታች በኩል ይሁን እንጂ በላይ በኩል አይሁን። ድንጋዩ የተሰነጠቀ በሆነበት ስፍራ 30 ሜትርም አይበቃም፤ በስንጥቅ የሚሄድ ውኃ አይጠለልምና።

እስከዚህ የተናገርነው በየትኛውም አገር የሚሆን ነው። የስምጥ ሸለቆው የተለየ ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ሸለቆ ከምድር ሆድ በወጣ እሳት የተሠራ አገር ነው። ባልጩቱ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ነጭ ድንጋይ፣ አመድ መሳዩ አፈር፣ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ። የከርሠ ምድር ውኃ በመካከላቸው ለብዙ ዘመን ሲዘገይ ይህን ከድንጋዩ እያሟሟ ይወስዳል፤ መሬቱ የሞቀ በሆነበት ስፍራ ደግሞ አብዝቶ ይወስዳል። በሌላ አገር ቢሆን በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም፣ ይኸውም የኖራ ዘር የሆነው፣ ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ድንጋይነት ይመልሰው ነበር። በዚህ ሸለቆ ግን ውኃው ካልሲየሙን ለአፈሩ ሰጥቶ በምትኩ ሶዲየምን ስለሚቀበል፣ ፍሎራይዱን የሚይዘው ጠፍቶ በውኃው ውስጥ ይቀራል። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበት፣ ባቄላና ሽንብራም ቶሎ የሚበስልበት ውኃ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ባለቤቶቹም ስለዚሁ ምቾቱ ያመሰግኑታል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ስለ ወንዝ ሙላት ነው፤ ለዚህም ውኃ የሚስማማው ይመስለኛል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የፍሎራይድ ልክ በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት እንዲህ ማለት ይቻላል፤ 200 ሊትር የሚይዙ 5 በርሜሎች ውኃ ቢሞሉ፣ በሁሉ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከ1 ግራም ተኩል መብለጥ የለበትም። ከደጋ የሚወርዱት ወንዞች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ልክ በታች ናቸው። የዝዋይ ሐይቅ ወደ ልኩ የቀረበ ወይም ጥቂት ያለፈ ነው። በሸለቆው ውስጥ ካሉ ጕድጓዶች ግን ብዙዎቹ ልኩን ያልፋሉ፤ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸውም አሉ። መውጫ የሌላቸው አብያታና ሻላማ ከ100 ሚሊግራም በላይ አላቸው። እነሆ በተሐዋስያን ነገር የረከሰው ወንዝ በፍሎራይድ ነገር ንጹሕ ሆነ፤ በተሐዋስያን ነገር ንጹሕ የሆነው ጕድጓድ በፍሎራይድ ነገር ተነቀፈ።

ልኩ ያለፈ ፍሎራይድ የሚያደርገው ጕዳት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በጥርስ ነው። ቋሚ ጥርስ ገና በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዘመን፣ ማለት ከልደት ጀምሮ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ሕፃኑ ይህን ውኃ ሲጠጣ ያደገ እንደሆነ ጥርሱ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ዝንጕርጕር ሆኖ ይበቅላል፤ ሲጸናም ይቦረቦራል። መምህራን እዚህ ላይ ልብ እንዲሉ እለምናለሁ። ይህ ቀለም በመፋቂያ የሚለቅ አይደለም፤ የጥርሱ አካል ነውና። ልጁ ሰነፍ ስለ ሆነ፣ ጥርሱንም ስላልፋቀ የመጣ አይደለም። አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚያነብ ተማሪ ቢኖር በባልንጀሮቹ ፊት ስለ ንጽሕና መገሠጽ፣ ያላጠፋውን ልጅ መቅጣት ነው። አድጎ ወደ ሸለቆው የገባ ሰው ጥርሱ ስለማይለወጥ «እኔ ስጠጣው ምን ሆንሁ» ይላል፤ ይህም ብዙ ወላጆችን አታሏል።

ሁለተኛው ጕዳት በአጥንት ነው፤ እርሱም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው። አንገትና ጀርባ ይደርቃሉ፤ መታጠፍ ያስቸግራል፤ አጥንቱ ከልኩ በላይ ወፍሮ የጅማቱን መንገድ ሲጫን እግር እስከ መስነፍ ይደርሳል። ይህ በአገራችን ጎልቶ የታወቀው በወንጂ ነው። የስኳሩ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ሰዎች በእርሻው መንደሮች ሰፍረው የጕድጓድ ውኃ ሲጠጡ ኖሩ። ከ10 ዓመትና ከዚያም በላይ ከጠጡት መካከል ጀርባቸው የደረቀ፣ አካላቸው የሰነፈ ሰዎች ታዩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልንጀሮቻቸው በ1980 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1987) ገደማ ባወጡት ጥናት ይህ በሽታ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደ ተስፋፋ አሳወቁ። በሽታው መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ብቻ በእጃችን ነው።

ስለ ማፍላት

የዚህች ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። በትምህርት ቤቶች ሁሉ «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን እናስተምራለን። ለወንዝና ለሐይቅ ውኃ ይህ ትክክለኛ ትምህርት ነው። ውኃ ሲንተከተክ 1 ደቂቃ ቢቆይ፣ ከፍ ባለ ደጋም ወደ 3 ደቂቃ ቢቆይ ተሐዋስያን ይሞታሉ። ፍሎራይድ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለምና አይሞትም፤ በእንፋሎትም አይሄድም። ውኃው ሲያንስ እርሱ በቀረው ውስጥ ይጠናል።

በሰሌዳ ላይ ሒሳቡን ሠርቶ ማሳየት ይገባል። በሊትር 3 ሚሊግራም ያለበት 4 ሊትር ውኃ በማድጋ ቢፈላ፣ በጠቅላላው 12 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው። በመፍላት ብዛት 3 ሊትር ብቻ ቢቀር፣ 12ቱ ሚሊግራም ለ3 ሊትር ይካፈላል፤ በሊትር 4 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ደጋግሞ ያፈላች እናት ትምህርታችንን ስለ ሰማች ለልጇ የባሰውን ውኃ ሰጠች። ሻይ ቅጠልም የራሱ ፍሎራይድ ስላለው በዚህ ውኃ የተፈላ ሻይ ይበልጡን ይጨምራል፤ ሽሮውና ወጡም በዚያው ውኃ ከተሠራ ከመጠጡ ላይ ይደመራል። ክሎሪንም፣ በጨርቅ ማጥለልም፣ በፀሐይ ማስቀመጥም ፍሎራይድን አያስወጡም። በሽፈራው ፍሬ ዱቄት የደፈረሰውን ውኃ ማጥራት በደቡብ አገር የታወቀ ነው፤ እርሱም ለድፍርሱ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ስለዚህ መምህሩ «አፍሉ» ከማለቱ በፊት «ከየት የተቀዳ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከወንዝ ከሆነ ይፈላ። ፍሎራይዱ ተለክቶ ልኩን ካላለፈ ጕድጓድ ከሆነና አፉ የማያስተማምን ከሆነ ይፈላ። ፍሎራይዱ የበዛበት ከሆነ ግን ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፤ ሌላ ውኃ መፈለግ ነው።

እርሻ በሁለቱ ላይ የሚያደርገው

ገበሬ በመሬቱ ላይ የሚያደርገው ሁሉ ወደ አንዱ ውኃ ይደርሳል፤ ወደየትኛው እንደሚደርስ ግን እንደ ነገሩ ጠባይ ነው። የአፈር ማዳበሪያን እንውሰድ። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት አፈር አይዘውም፤ ከውኃ ጋር እየሟሟ ወደ ታች ይሰርጋል። ስለዚህ የሚደርሰው ይልቁን ወደ ጕድጓድ ነው። የከብት በረትና የሽንት ቤት እድፍም ያንኑ ናይትሬት ይወልዳል። ልኩ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ ሲያልፍ በጡጦ ወተት የሚያድጉ፣ 6 ወር ያልሞላቸውን ሕፃናት ደም አየር እንዳይሸከም አድርጎ ሰውነታቸውን ያጠቍራል። እርሱም በመፍላት አይጠፋም። የእናት ጡት ለሚጠባ ሕፃን ግን ይህ ፍርሃት እምብዛም አይደለም።

ፎስፎር ግን የተለየ ነው። ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ታች አይወርድም፤ አፈሩ በጎርፍ ሲታጠብ አብሮ ወደ ሐይቅ ይሄዳል። እዚያም አረንጓዴውን የውኃ ሽበት ይመግበዋል። ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ ሲሸት፣ ያ ከገበሬው ማሳ የተሰረቀ ፍሬ ነው ቢባል አልተሳሳተም፤ በገንዘብ የተገዛ ማዳበሪያ ነውና። ከነዚህ ሽበቶች አንዳንዶቹ መርዝ ያወጣሉ፤ ስለዚህ አረንጓዴ ልባስ የለበሰውን ውኃ ከብትም እንዳይጠጣው ማራቅ ያስፈልጋል። እርከንና በወንዝ ዳር የተተወ ሣር ለዚህ ከሁሉ የበለጡ መድኃኒቶች ናቸው።

የተባይ ማጥፊያ መርዝ በወንዝና በቦይ ቶሎ ይታያል፤ ከርጭት በኋላ ዝናም ከመጣ ወዲያው ወደ ውኃ ይገባል። የመርጫውን ዕቃ በመስኖ ቦይ ማጠብና ባዶውን ጀሪካን ለመጠጥ ውኃ መያዣ ማድረግ እጅግ የሚያስፈራ ልማድ ነው። ጀሪካኑ ሰባት ጊዜ ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም።

ሁለቱ ውኃዎች እርስ በርስም ይገናኛሉ። በመተሐራ ያለው በሰቃ ሐይቅ በፈረንጆች 1960 ገደማ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነበር፤ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ለዚህ ሊቃውንት የሚሰጡት ምክንያት ከአንድ በላይ ቢሆንም፣ ከመስኖ የሰረገው ውኃ የከርሠ ምድሩን ከፍ አድርጎ ሐይቁን እንደ ረዳው ከሚጠቅሷቸው አንዱ ነው። ጨውነት ያለው ይህ ውኃ የእርሻ መሬትንና መንገድን ዋጠ።

ምን ይደረግ

በመጀመሪያ ውኃን እንደ ሥራው መከፋፈል ነው። ሰው ለመጠጥና ለወጥ የሚያስፈልገው ከጠቅላላው ጥቂት ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ጕድጓድ ለልብስ፣ ለዕቃና ለገላ ያገልግል፤ ከሩቅ የመጣው ጥሩ ውኃ ለመጠጥና ለማብሰያ ይቀመጥ፤ ከዚያም ውስጥ ቀዳሚው ድርሻ ለትናንሽ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሁን። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት ጕድጓዶች እጅግ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ሁሉንም ማስለካትና ዝቅተኛውን ለመጠጥ መለየት ብቻውን ብዙ ልጆችን ያድናል።

ሁለተኛው የዝናም ውኃ ነው፤ ፍሎራይድ ከቶ የለበትም ለማለት ያስደፍራል። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ 100 ካሬ ሜትር ቢሆንና በዓመት 600 ሚሊሜትር ቢዘንብ 60,000 ሊትር ይወርድበታል። አንድ አምስተኛው ባክኖ 48,000 ቢቀር፣ ለ240 ተማሪዎች በቀን አንድ አንድ ሊትር ለ200 የትምህርት ቀን ይበቃል። ወጪው በማጠራቀሚያው ላይ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ትንሽ ጋን ተሠርቶ የጥቂት ወር እንኳ ቢያስገኝ ጥቅም ነው። የመጀመሪያው ዝናም አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ጋኑ አይግባ። ይህን ውኃ ማፍላት ጕዳት የለውም። እንጨት የተወደደበት አገር የጠራውን ውኃ ከ2 ሊትር በማይበልጥ ቀለም የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ 6 ሰዓት በጠራ ፀሐይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን ይቈይ።

ሦስተኛው ፍሎራይዱን ከውኃው ማውጣት ነው። በአሉምና በኖራ አማስሎ እንዲዘቅጥ የማድረግ ዘዴ አለ፤ የከብት አጥንት በተዘጋ ምድጃ አክስሎ፣ ደቅቆ፣ በዚያ ውስጥ ውኃውን የማሳለፍ ዘዴም አለ። ሁለቱም ይሠራሉ። ነገር ግን አሉሙ በየቀኑ በልክ መጨመር አለበት፤ የአጥንቱ ከሰልም ከጊዜ በኋላ ኃይሉ ስለሚያልቅ መለወጥ አለበት፤ ማለቁም በዓይን አይታይም። ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም «የምን እንስሳ አጥንት ነው? ማን ያረደው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለሽማግሌዎች ካልተነገረ ማጣሪያው ተሠርቶ ሳይጠጣበት ይቀራል። በእኔ አሳብ፣ ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ምንጭ በሩቅም ቢሆን በቧንቧ የሚመጣበት መንገድ ካለ፣ ለመንደር ከማጣሪያ ይሻላል፤ ቧንቧ ሲሰበር ሁሉም ያየዋል፤ ማጣሪያ ሲደክም ግን የሚያየው የለም።

ውኃን ለማስለካት

ፍሎራይድ በጣዕም፣ በሽታ፣ በቀለም አይታወቅም። የላንጋኖ ሐይቅ ቀልቶ ሲታይ ያ ደቃቅ ጭቃ ነው፤ ጥርት ያለው ጕድጓድ ግን የባሰውን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ናሙና ወስዶ ወደ ወረዳው የውኃ ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት መላክ ያስፈልጋል።

ለፍሎራይድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይወሰድ እንጂ ብርጭቆ አይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ይዋደዳልና። ጠርሙሱ በዚያው ውኃ 3 ጊዜ ይለቅለቅ፤ ፓምፑም አስቀድሞ ጥቂት ደቂቃ ይመታ፤ በቧንቧው ውስጥ ያደረው ውኃ እንዳይቀዳ ነው። ለተሐዋስያን ግን የተቀቀለና ያልተነካ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ እጅ አፉን አይንካው፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ተይዞ በዚያው ቀን ይድረስ። በጠርሙሱ ላይ የቀበሌው ስም፣ የጕድጓዱ ስፍራና ጥልቀቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ወንዝ ከሆነ በሰኔና በጥር ሁለት ጊዜ ይወሰድ፤ ጕድጓድ ከሆነ ለፍሎራይድ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። መልሱ ሲመጣ ቍጥሩ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍና፣ በጕድጓዱም አጠገብ «ለመጠጥ» ወይም «ለማጠቢያ ብቻ» የሚል ሰሌዳ በጕልህ ፊደል ይተከል።